ሲምና ስም

ናሪን ወንዝ ዳር ቆሟል፣ አንድ የብረት ምሰሶ፣
ውሃ ሲለካ ያድራል፣ በረዶ ተላብሶ።
ሲም አለው በሆዱ፣ አብሮ የተበየደ፣
እጅ የማያወጣው፣ አንዴ ከወረደ።

ድሮማ ቶክቶሱን፣ በፈረስ ነበር የሚወጣ፣
አንዱ ኔትወርክ ሲሞት፣ ሌላ ካርድ ሊያመጣ፤
ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ፣ ጥፍር የምታህል ካርድ
ሲያስገባ ነው የበላው፣ ሁለት ጣቱን ብርድ።

እኔ ግን ቢሽኬክ ነኝ፣ ካልሲዬን ደርቤ፣
ማሞቂያው ሥር ሆኜ፣ ሻዬን አቅርቤ።
የድሮው ኩባንያ፣ ዛሬ ማታ ሊዘጋ፣
አዲስ ፕሮፋይል ላክሁ፣ ልቤ እየሠጋ፦
«በአሮጌው ድምፅህ ስማ፣ አዲሱን ተቀበል፣
እሱ እስኪናገር ግን፣ ከቀድሞው አትነቀል።»

ወረደ። ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ዝም።
ሲም አለው በሆዱ፣ ስም ግን የለውም።
ይመለስ እንዳልል፣ ወደ ለቀቀው ቤት፣
እዚያም ሊጠፋ ነው፣ ልክ በስድስት ሰዓት።

ስልኬ ጠራ። «ጉልዛት፣ ልጫን ወይ ፈረሱን?»
ጡረታ የማያስተኛው፣ ሽማግሌው ቶክቶሱን።
«ጉልበትህስ?» አልኩት። «እሱን ለፈረሱ ተዪው።»
ትንፋሹን እሰማለሁ፤ እሱም የኔን ሰማው።

አራት ደቂቃ ተኩል። ከዚያ ከስክሪኑ ጥግ
የማላውቀው ቁጥር፣ ብቅ አለ እንደ እንግዳ ሰው፣
ሰላም ሳይል፣ ሳይቀመጥ፣ የሚያውቀውን አለ፦
«ስልሳ አንድ ሴንቲ ሜትር።»

«ተናገረ!» አልኩት። «በማን ስም?»
«በሌላ።» «ውሃውስ?» «እንደ ወትሮ።»
ደህና እደሪም አላለ፣ ስልኩንም አልዘጋ፤
ኮርቻ ሲያወርድ ሰማሁት።
ለካስ ጭኖ ኖሮ።