መርፌው የዘለለበት

ሸሚዝህን ተኮስኩ፣ ጫማህን ወለወልኩ፣
"ምን ያስፈራል ኮርሊስ? እውነት ተናገር" አልኩ።
በቶሊዶ በረዶ፣ በማለዳው አውቶቡስ
ፖሊስ ልትሆን ሄድክ፤
ማታ ገባህ እንደ ርጥብ ልብስ።

ደረትህን በጎማ፣ ክንድህን በጨርቅ፣
ጣቶችህን በሽቦ አስረውህ ስትጠየቅ፦
"ከአሠሪህ ሰርቀሃል?" "አዎ፣ አንድ መዶሻ።"
ሰውየው ፈገግ ብሎ ጻፈ ማስታወሻ።
"ሰው ጎድተህ ታውቃለህ?" "በፍጹም አላውቅም" ስትል
መርፌው ደነበረ፣ ወረቀት ላይ ሲዘል።

"ዋሽቷል" ብለው ጻፉ። እኔ ግን አውቃለሁ
ያን ጊዜ የት እንዳለህ፤ ሌሊቱን አያለሁ፦
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመትህ፣ ስልኩ ሲጮህ፣ ሲጮህ፣
አባትህ መሆኑን እያወቅክ ተኝተህ፣
ሲነጋ
ሌላ ሰው ነው የደወለልህ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል
ሽቦም ያወጣል ለካ፤ ማንበብ ግን ያቅተዋል።

ሦስት ሳምንት ሆነው። ሌሊት ትነቃለህ፣
"ምናልባት ዋሽቼ ቢሆንስ?" ትላለህ።
እኔ መልስ የለኝም። ሸሚዙ ተሰቅሏል፣
የፉልተን አውራጃ ቅጽ ባዶውን ተቀምጧል።

ትናንት ስልኩ ጮኸ፤ የማይታወቅ ቁጥር።
ግማሽ ፊትህ አረፋ፣ ሮጠህ አነሣህ፤
የመድን ሻጭ ነበር።
እስኪጨርስ ድረስ "አቤት… አቤት" አልከው።