ጆሮ ለባለቤቱ

ዶንግዋን ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣
ስፖንጅ የለበሰ ግድግዳ፣ ሳልህን ውጦ ለማንም የማያካፍል፤
ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ተቀምጬ
የሰው ጆሮ ሆንኩኝ፣ የራሴን ሸጬ።
ሥራዬ ማድመጥ ነው፣ ሌላ ሙያ የለኝም፤
አንድ ቃል ሳልናገር ደሞዜ አይቀርብኝም።

ትናንት የመጣው ናሙና ቁጥሩ ሰባት ነበር፤
ሁለት ባላንጣ ነፍስ በአንድ ቅል ሲያድር።
አንዱ ስስ ቆዳ ነው፣ እንደ ሳንባ የሚነፋ፣
ከበሮና ቤዙን ከሆድ የሚገፋ፤
ሌላው የሩዝ ፍሬ፣ የብረት ምላስ ያለው፣
ጸናጽሉን፣ ክሩን፣ ትንፋሹን የሚለው።
ያኛው ዘገምተኛ፣ ይኼኛው ችኩል፤
ወሰን ካላበጁ አይኖሩም በእኩል።
ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሄርዝ ላይ ድንበር አሰመርኩኝ፣
ከዚያ ወዲያና ወዲህ ሲጣሉ ዳኘሁኝ።

ስፌቱ የሚታወቅ ዘፋኝ ሴት ስትመጣ ነው፤
ከደረቷ ተነስታ ወደ ላይ ስትወጣ
እመሃል መንገድ ላይ ልብስ ከቀየረች፣
ሌላ ሴት ከሆነች፣
ጥሬ ነው። ይመለስ።

ሰባት ቁጥር ግን ልብሷን አልቀየረባትም።
ስፌቱን በጣቴ እየዳበስኩ ብፈልግ አላገኘሁትም።
ኮንትራባሱ፦ እንጨቱ፣ የጣት ቆዳው ፍተጋ፣
ሚስጥር እንደሚያወራ ሰው፣ ጠጋ፣ ደግሞ ጠጋ።
"አልፏል" ብዬ ጻፍኩ።

ተለማማጇ ሩዪ፣ ተራዋ ሲደርስ ሰካችው ከጆሮ፤
ወዲያው ነቀለችው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።
"ዘፋኟ 'ሰ' ስትል ይወጋል፣ መምህር፤
ጸናጽሉም መስታወት ነው፣ ከፎቅ ወርዶ ሲሰበር።"
ሳቅሁኝ። ገዢዎችም ይኼንኑ ነበር የጻፉት አምና፤
"ስልካቸው ርካሽ ነው" ብዬ መልሼ ነበርና።
የሲሊኮኑም ጆሮ፣ ያ መለኪያ ማሽን፣
በስክሪኑ በስተቀኝ ተራራ ሲስልልን
"ማሽን ይለካል እንጂ አይሰማም" አልኩት፤
እንዲህ ያለ አባባል፣ ስንት ዓመት ኖርኩበት!

ሩዪ አልተከራከረችም። ማጉያውን ከፍታ
አንድ ቀጭን ድምፅ ሰደደች፣ በደረጃ አውጥታ።
ስምንት ሺህ። "ሰማሁ።"
ዘጠኝ ሺህ። "ሰማሁ።"
አሥር ሺህ። የሰማሁ መሰለኝ።
ከዚያ ክፍሉ ፀጥ አለ።
"አጠፋሽው?" አልኳት።
እሷ ግን ግንባሯን ቋጥራ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣
"ኧረ እየጮኸ ነው" አለች፣ ጆሮዋን በእጇ ሸፍና።

እኔ ፀጥታ ያልኩት እሷ ላይ ይጮኻል።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የእኔው ባዳ እንኳ አይደለም፤ ዕቃውን ጠቅልሎ
በሌሊት የወጣ ተከራይ ነው፣ ቁልፉን በሩ ላይ ጥሎ።
ምላሷ እንደሞተ ወጥ ሠሪ፣ ጨው እንደማትቀምሰው፣
በየዓመቱ ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩ፣ ያጣሁትን ልተካው፤
በላተኛው ከማዕዱ ሲሸሽ
እኔ "አልጫ ነው" ስል።

ሩዪ የወንፊት ቅንጣት ጣለች በቱቦዋ አፍ ላይ፤
አራት ዴሲቤል ወረደ፣ ከዚያ ከላይ።
ለእኔ መጋረጃ ተዘጋ፤
ዘፋኟ ከብርድ ልብስ ሥር ገባች።
ጆሮዬ "ሞተ" እያለኝ፣ እጄ "አልፏል" ብሎ ፈረመ።

ማታ፣ ባለቤቴ ሹፈን፣
ከክረምት ጀምሮ "ራስጌያችን ያለው ቻርጀር ያፏጫል፣
እንቅልፍ ነሳኝ" የምትለኝ፣
"ሃያ ሁለት ዓመት ያደመጠ ጆሮ ያልሰማውን፣ አንቺ?"
ብዬ ያላገጥኩባት፣
ጀርባዋን ሰጥታኝ ተጋድማ ነበር።
ጎንበስ ብዬ ነቀልኩት።
"ዝም አለ?"
"ዝም አለ።"
እኔ ለውጡን አልሰማሁም።
የሰማሁት ትንፋሿ ሲረጋ ብቻ ነው፣
በወፍራሙ በኩል፣
በቀረልኝ ዳርቻ።