ሽቦው የት ይሄዳል

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ማክሰኞ ማክሰኞ እንሰበሰባለን።
ሰባት ሰው፣ ሰባት ወንበር።
ለሊሴ ቅጽ አላት፣ እርሳስ አላት፦
«ከዜሮ እስከ አስር፣ የሳምንቱ ፍርሃትዎ ስንት ነበር?»
ስንት ነበር?
በእኛ ሰፈር ፍርሃት ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም።
«ስምንት» አልኳት፤ ቁጥር እንደሆነ አይከፈልበትም።

ከዚያ ዕቃውን አደለችን፦ ሳሙና የሚያህል፣
ነጭ፣ አረንጓዴ መብራት ያለው።
«ሲተኙ ደረትዎ ላይ። የሰውነትን ኃይል ያስተካክላል ይባላል፤
እውነት መሆኑን ነው የምንፈትነው።»
ስለዚያች «ይባላል» ወደድኳት።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ።
ድሮ፣ ግንባር፣ የመገናኛ ወታደር ነበርኩ፤
የሚጠራኝ ድምፅ፣ ስሜን ሳይጨርስ፣ ጆሮዬ ላይ ተቆረጠ።
ይኸው ሌሊት ሌሊት ያን ሞገድ እፈልጋለሁ፤
ሽሽሽ የሚለውን ብቻ እሰማለሁ።
የከባድ መኪና ፍሬን ሲያፏጭ
ባለቤቴ ከአልጋ ሥር ታገኘኛለች፤
«ሞጆ የሚሄድ ነው» ትላለች፣ «ሲሚንቶ ነው የጫነው፣ ውጣ።»

በሦስተኛው ሌሊት መፍቻዬን አነሳሁ፤
አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታሁ።
አንዲት ባትሪ አለች፣ አንዲት አምፖል አለች፣
የመዳብ ጥቅልል በወግ ተጠምጥማለች፤
ጫፏ ግን
ጫፏ የትም አልሄደች።
ሳቅሁ፣ ባለቤቴ እስክትነቃ።

ለግማሻችን ባዶ እንደሚደርስ ነግረውናል፣ ፈርመናል።
መበየጃዬን አሞቅሁ። ልቀጥለው?
ከምን ጋር?

ማክሰኞ ዘርትሁን ቀድማኝ ደረሰች፤
ቤቷ ከተቃጠለ ወዲህ ጫማዋን አድርጋ የምትተኛ ሴት።
«ትናንት» አለች፣ «አውልቄ አደርኩ።»
ማንም አልተነፈሰ።
ዕቃውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች፣ እንደ ሳንቲም።
እኔ ኪሴ ውስጥ መፍቻ አለ፣
ምላሴ ላይ አራት ብሎን።

«እርስዎስ?» አለች ለሊሴ።
«ስምንት።»
ቀና ብላ አየችኝ፤ ጻፈች።
አልዋሸኋትም።
ያልጠየቀችኝን ነው ያልነገርኳት።

ስወጣ ነፋስ ነበር፣ አቧራና ፌስታል የሚያነሳው የአዳማ ነፋስ፤
ኮረብታው ላይ ነጫጮቹ ክንፎች ይዞራሉ።
የእነሱ ሽቦ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤
ምሰሶ በምሰሶ ተከትዬ ልነግራችሁ እችላለሁ።
የዘርትሁን እንቅልፍ ግን በየት መጣ?
ቴስተሬ እጄ ላይ ነበር።
የአንቺን ክፈቺና አሳዪኝ አላልኳትም።