ሦስት ክንድ

አሥራ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድቼ፣
የፎርታሌዛን መንገድ ጉድባ በጉድባ ለይቼ፣
ብስክሌተኛን ግን አላውቅም ሰው ብዬ አይቼ።
ዝንብ ነበር ለኔ፤
ከመስታወቴ ጥግ ብቅ ሲል ከጎኔ
"እሽ!" እለዋለሁ በጡሩንባዬ፣
ተሳፋሪው ይስቃል ሰምቶ ከኋላዬ።

መስመር አርባ ሰባት ሞልቶ ሲንቀሳቀስ
አንዱ ከፊት ወንበር ይጀምራል መውቀስ፦
"ግብር አይከፍሉ፣ ሰሌዳ የላቸው፣
ቀይ መብራት ቢበራ ማን አስቁሟቸው?
እኛ እዚህ ታጭቀን ለሥራ ስንዘገይ
እሱ ይንሸራሸር? ወግድ አትለውም ወይ?"
አንዲት ነርስ ደግሞ፣ የሌሊት ተረኛ፣
"የሰበሩትን እግር የምንጠግን እኛ፤
የራሳቸው ጠላት ራሳቸው" ትልና
ቦርሳዋን ታቅፋ ትተኛለች ገና።
እኔም "እውነት" እላለሁ፤ እውነት ይመስለኛል።
ፍሬን መርገጥ ብቻ እግሬን ይደክመኛል።

ሕጉን ግን አውቃለሁ፤ ሜትር ተኩል ይላል፣
በኔና በብስክሌቱ መሐል።
አባቴ ቢኖር ግን "ሦስት ክንድ" ነው የሚለው፤
የዓሣ አጥማጅ ጀልባ፣ ሰው ሲሞትም ሣጥን ሠሪ ነው፤
ሜትር ነክቶ አያውቅም፣ ክንዱ ነው መለኪያው።

ባለፈው ሐሙስ ዕለት ድርጅቱ ጠራን፤
ግቢው ውስጥ ስድስት ብስክሌት በብረት ታስረው አየን።
ዙሌይዴ የምትባል፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣
"ውጡበት" አለችን ድምጿን ሳታነሣ፤
"እጃችሁ መሪው ላይ፣ እግራችሁ ፔዳል ላይ፣
መዞር የለም፤ እነሱም ዓይን የላቸው ማጅራታቸው ላይ።"
ሳቅን። ቤኔዲቶ ደወሉን ቃጭ ቃጭ አደረገ።
እኔ ሆዴን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።
ኦስማሪኖ የራሴን አውቶቡስ አስነሣ።

መጣ።
አልሰማሁትም፤ መሬቱ ነው የሰማው፣
በፔዳሉ ወጥቶ ጥርሴን ነው ያገኘው።
ከዚያ ነፋሱ፣ በጥፊ፤ ከዚያ ወደ ጎማው መሳብ፤
ጭንቅላቴ ውስጥ አልቀረች አንዲት ሐሳብ።
ብስክሌቱ ታስሯል። እንደማልወድቅ አውቃለሁ።
"እማ!" ብዬ ግን ጮኼያለሁ።
አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

"ስንት ርቆ ነው ያለፈኝ?" አልኳት ስወርድ።
"አንድ ሜትር" አለችኝ።
ሁለት ክንድ!
እኔ አንዱን እንኳ ሰጥቼ አላውቅም።

አባቴ ትዝ አለኝ፤ ሣጥኑን ቸንክሮ ሲያበቃ
ለቆፋሪው የሚለው፦ "ሦስት ክንድ አውርደው፣ ይበቃል።"
ያው ልክ ነው።
አስፋልት ላይ ሲለምን የተነፈገው ሰው
አፈር ውስጥ ሳይለምን ይሰፈርለታል።

ማግስቱን ሲነጋ፣ ጨው ጨው ሲል አየሩ፣
ዳቦ ሻጩ ኤድሚልሶን ከፊቴ፣ ቅርጫቱ ከነክምሩ፣
ትንሿን ጡሩንባ እየነፋ ለሰፈሩ።
ከኋላው ቀረሁ። ቀስ አልኩ። ጡሩንባ አልነካሁ።
"ምን ሆንክ አንተ ሰው? ሞተሩ ታመመ?" ሲሉ ሰማሁ።
ነርሷ ነቃች። ከኋላ የመኪናው ሰልፍ ተንጫጫ።
እሱ ግን አንዴ ዞረ፤
ደግሞ ዞረ፤
ፔዳሉን ደበደበ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ።
የማያልፈው አውቶቡስ አይቶ አያውቅማ!
እያደባሁ የምከተለው አውሬ መሰልኩት።
ድንገት የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣ፣
ወረደ፣ ቅርጫቱን በሁለት እጁ አቀፈ፣
"ምን አድርጌህ ነው?" አለኝ።

አፌ ውስጥ ብዙ ነበር፤
ሐሙስ፣ ነፋሱ፣ የአባቴ ክንድ፣ አሥራ ስምንት ዓመት።
መስኮቱን ከፈትኩና
"ዳቦ ስንት ነው?" አልኩት።
አርባ ሰው ከኋላዬ እየተሳደበ
ሁለት ገዛሁ።
ሳንቲሙን ሲመልስልኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።