በኑርዬ ስም

ለሦስተኛ ጊዜ አቀበቱን ወጣሁ፣ ሳጥኔን አንግቼ፣
በረዶው ሳይሟሟ ልደርስ፣ ከቢስቲማ በሌሊት ተነሥቼ።
ሁለቴ መልሶኛል ይማም ከደጃፉ፣
«ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» — ሌላ ቃል አልወጣም ካፉ።

የሌሎቹን አውቃለሁ፦ አንዱ «ያመክናል» ይላል፣
አንዷ «ያስተኩሳል»፣ አንዱ «ቀደር ነው፣ የተጻፈው ይሆናል»።
ለሁሉም መልስ አለኝ፣ በሥልጠና የሸመደድሁት፤
ይማምን ግን ቅጹ ላይ «ሌላ» በምትል ሳጥን አስገባሁት።

ዛሬ ውኃ ሰጠኝ። በርጩማ አቀረበ።
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ጥቂት አሰበ።
«መርፌሽን አልፈራም» አለኝ፣ «እሾህ ለለመደ ምኑ ነው?
እኔ የምፈራው፣ አንቺ ልጅ፣ እስክሪብቶሽን ነው።

«በሰባ ሰባት አባቴን ‹ስንዴ ና ውሰድ› አሉት፤
ባዶ ስልቻ ይዞ ወረደ፤ ስሙን ጠየቁት።
ነገረ። ‹የልጅህስ?› አሉት፤ የታላቄን ስም ነገረ።
ከዚያ ሸራ የለበሰ መኪና መጣ፤ የተጻፈ ሁሉ ተሳፈረ።
ስልቻው ተመለሰ፣ ጎረቤት ይዞት፣ እንደሄደ ባዶውን፤
‹መተከል ናቸው› ይሉን ነበር፤ ማን አይቶ መቃብራቸውን።
እኔ ያን ለት ወባ ጥሎኝ፣ ከቤት ነበርሁ፤
ስሜን የጠየቀ የለም፤ ይኸው፣ በዚያ ተረፍሁ።»

«ያ እኮ ሌላ መንግሥት ነው» ልል አፌን ከፈትሁ፣
መዝገቤን አየሁት፤ ዘጋሁ።
ክብ ማኅተም፣ የተሰመረ ወረቀት፤
ያኛውም እንዲህ ይሆናል፣ አባቱን የጻፉበት።

ከጓዳ ጦይባ ወጣች፣ ሕፃኑን አዝላ።
«ኑርዬን ኩፍኝ ወሰደው» አለች፣ ለባሏ እንጂ ለእኔ አይደለም።
«እሱ የት ተጽፎ ነበር?»

ይማም በዘንጉ መሬቱን ጫረ፤ የጫረውን በእግሩ አጠፋው፤
ተነሥቶ የልጁን እጅጌ ራሱ ሰበሰበው።
«ውጊው» አለ። «ስሙን ግን ከኔ አትጠብቂ።»

ልጁ ሲያለቅስ፣ «የሕፃኑ ሙሉ ስም» ከምትል መስመር ላይ
እስክሪብቶዬ ቆማ ቀረች።
ጦይባ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች፦
«ኑርዬ ብለሽ ጻፊው።
እሱን እንደሁ ከእንግዲህ ማንም አይጭነው።»

ቁልቁለቱን ስወርድ በረዶው ውኃ ሆኖ ሳጥኔ ውስጥ ይንቦጫቦጫል።
መዝገቤ ላይ አንድ ልጅ ተከትቧል፦
ኑርዬ ይማም፣ ዘጠኝ ወር፣ ግራ ክንድ።

ያለቀሰውን ልጅ ስም ዛሬም አላውቅም።