ውሃ ልክ

የአያቴ የዞርካ ቤት ወደ ምሥራቅ አዘምሟል፤
ሳሎን የወደቀ ብይ ኩሽና ደርሶ ይቆማል፤
በሩ ክፍት ከተተወም አኩርፎ ራሱን ይዘጋል።
አገሩ ቢዩት ነው፣ ሞንታና፤ ከወለሉ ሥር መዳብ፣
ከመዳቡ ሥር ባዶ፣
የተበላ ድንጋይ፣ የቆመ ውሃ፣ የጨለማ ረሃብ፤
ባሏ ስቴቮ ሠላሳ ዓመት በሽቦ ሳጥን የወረደበት፣
ወጥቶም ሲያስል ያመሸበት።

ጁላይ ሦስት ሲመሽ ዞርካ የመስታወት ትሪዋን ታወርዳለች፤
ጠርዙን በጣቷ ዳስሳ የዱሮ ጭረቱን ትፈልጋለች፤
የማንቂያ ሰዓቷንም ለየቀለሙ ትሞላለች፦
ለቀዩ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለነጩም ያንኑ ያህል፣
ለሰማያዊው እስኪነጋ።
«አትደርቢ» ትለኛለች፣ «የታችኛው ሳይረጋ።»
ትኩስ ከፈሰሰበት ቀዩ ይቀልጣል፣
ነጩም ያፍራል፣
ሦስቱ ተደባልቀው የወደቀ ልጅ ጉልበት ይመስላል።

ዱቄቱ ቼሪ ይሸታል፣ ዛፍ የሚባል ያላየ፤
ሰርቄ የነከርኩት ጣቴ እስከ ማግስት ቀልቶ ታየ።
ነጩ የጣሳ ወተት ነው፤ ወፍራም፣ ከማንኪያ የማይለይ፤
ክዳኑን ስልስ ምላሴን ቆረጠኝ አንድ ዓመት ላይ።
«ቀዩ ይበቃናል» አለች፣
በመሐረቧ ደሜን እያበሰች።

ፍሪጁ እንደ ቤቱ ነው፣ ቤቱም እንደ መሬቱ፤
ትሪው ያጋድላል አብሮ፣ አይችልም መከላከል በመስታወቱ።
ጄላቲኑ ግን ውሃ ነው፣ ልኩን ያውቃል፤
ለማንም ብሎ አይጎነበስም፤ ከአድማሱ ጋር ይስማማል፤
ቤቱ በምንጣፍ የሸፈነውን
በጎኑ ገልጦ ያሳያል፦
ቀዩ በምሥራቅ ሁለት ጣት፣
በምዕራብ ክር፤
ሰማያዊውም እንደ ኮረብታ ግርጌ የሚሰደር።
በፓርኩ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከድንች ሰላጣው ማዶ፣
ማንም ባለቤቱን አይጠይቅም።
«ያዘመመው የዞርካ ነው» ይላሉ።
ቀይ የሚወዱ ልጆች በምሥራቅ ዳር ይሰለፋሉ፣
ሰማያዊ የሚሹት ወዲያ ማዶ ይጋፋሉ።

ኋላ እናቴ ዌንደልን አገባች።
ዌንደል ደግ ሰው ነው፤ ጠማማ ነገር ካየ እንቅልፍ የለውም።
ጃክ ይዞ መጣ፣ ሽብልቅ ይዞ፣ ውሃ ልክም በብብቱ፤
አረፋዋ መሃል እስክትቆም ተንበረከከ መሬቱ፤
የፍሪጁን እግር ጠመዘዘና
«ቀጥ አለልሽ» አለ በኩራቱ።

ያን ዓመት ጄላቲኑ ወጣ፦ ሦስት እኩል፣ ሦስት ቀጥ ያለ መስመር፤
ከሱቅ የተገዛ ይመስል ነበር።
ወይዘሮ ሆሎራን አየችው፣ አለፈችው፣
ዳቦ ከያዘችው ልጇ ጋር ተንሾካሾከች፤
«ምነው፣ ዞርካ ዘንድሮ ታመመች?»
አያቴ አጠገቧ ቆማ ነበር፣
ባዶ ሳህን ይዛ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በሌሊት፣ ማንቂያው ሲጮህ ተነሣሁ፤
ፍሪጁ ክፍት፣ ብርሃኑ ባዶ እግሯ ላይ ሲፈስ አየሁ።
ከትሪው ሥር፣ በምዕራብ በኩል፣ ማንኪያ ታስገባለች፤
የስቴቮን የሾርባ ማንኪያ፣ እጀታው የጎበጠ፤
አንድ ዓይኗን ጨፍና ትለካለች፣
ትንሽ ትገፋለች፣ ትንሽ ትመልሳለች፣
ሰማዩን የሚያስተካክል ሰው ትመስላለች።
«ለዌንደል እንዳትነግሪው» አለች፣
«ብዙ ደክሞበታል።»

ተቀመጥን፣ ቀዩ እስኪረጋ።
ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፤ የአንድ ቸኩሎ የተተኮሰ ርችት ሽታ ብቻ
በመስኮቱ ይገባል።
ድንገት ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር ቋ አለ፤
ጽዋዎቹ በመደርደሪያው ላይ ተነካኩ፣
ዝም አሉ።
ዞርካ ጆሮዋን ጣለች፤
የምታውቀው ሰው ደረጃ ሲወጣ እንደምትሰማ፣ ፈገግ አለች።
«ቆይ» አለችኝ፣ «ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አራት፤
ማንኪያውም አያስፈልግ።»