አራት አንዶች

ከቁስቋም ቁልቁለት፣ ቦኖው አጠገብ ነኝ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ብርዱ እየገረፈኝ፤
ጀሪካን ተሰልፏል፣ ቢጫ ከቢጫ ሥር፤
ያልመጣውን ሰው ተራ፣ ይጠብቃል ጠጠር።

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣
ከእናቴ ስልክ ብርሃን ተጠግቼ፣
የመምህር ይርሳውን ሕግ አነበንባለሁ፦
«ከሞል ወደ ሞለኪውል ስትወርዱ አባዙ፣
ከሞለኪውል ወደ ሞል ስትወጡ አካፍሉ።»
ነገሩ እንደ ከተማችን ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት፤
እኔ ግን ሁልጊዜ ይምታታብኛል፣ መውረዱና መውጣት።

አንድ ቀን ክፍል ገብቶ፣
በአረቄ መለኪያ ግማሽ ውሃ ቀድቶ፣
(ከኋላ ወንበር እነ ፈንቴ ሳቁ)
«ይኸውላችሁ፣» አለ፣ «አንድ ሞል። አሥራ ስምንት ግራም።
ልቁጠረው የሚል ካለ፣
የግንቡ መሠረት ድንጋይ ከወደቀበት ዕለት
ጀምሮ ቢቆጥር፣ ሳይበላ፣ ሳይተኛ፣
በየሰከንዱ ሚሊዮን ሚሊዮን እየጠራ፣
ዛሬም ገና ከንፈሩ አልረጠበም።»
ከዚያ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።
ስድስት ነጥብ ዜሮ ሁለት፣ አሥር ላይ ሃያ ሦስት፣
በአንድ ጉንጭ።

የእኔ ጀሪካን ሃያ ሊትር ነው፤
ሃያ ሺህ ግራም፣ ለአሥራ ስምንት ሲካፈል
አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ ሞል።
አራት አንዶች፣
ትከሻ ለትከሻ የቆሙ፣ ልክ እንደኛ፤
ከነጥቡም ወዲያ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ
ማለቂያ የለውም ሰልፈኛ።

ወገግ ሲል ተራዬ ደረሰ።
ቦኖው ሁለቴ አስሎ፣ አየር ተነፈሰ።
አንዲት ዘለላ ጠብ አለች፣ ከዚያ ምንም፤
ከአንገረብ ወዲህ የሆነ ቦታ፣ ውሃው ሐሳቡን ቀይሮ
ተመልሶ ሄዷል።
ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ።

ከፊቴ የቀዱት እትየ ዝማም
ጀሪካናቸውን አዝለው፣ ሦስት እርምጃ ሄደው፣ ቆሙ።
ዩኒፎርሜን አዩት። «ፈተና አለሽ መሰል?»
«አለኝ።»
«በይ ያዥ አፉን፣» አሉና ጎንበስ አደረጉት።
ምንም አልቆጠሩም፤
ሲበቃ የነገራቸው የውሃው ድምፅ ነው።
አምስት መቶ ሃምሳ አምስት ለእሳቸው፣
ለእኔም ያንኑ ያህል፤
መሐል ላይ የፈሰሰችዋን፣ የተረፈችዋን አንዲት ሞል
የቁስቋም አቧራ ጨለጣት፣
እንደ መምህር ይርሳው።

በሦስት ሰዓት ወረቀቱ ታደለ።
ጥያቄ ሰባት፦ «በሦስት ሞል ውሃ ውስጥ ስንት ሞለኪውል አለ?»
እጄ ገና እርጥብ ነበር፣ እጄ የጧቱን አልረሳም፤
አካፈልኩ።

ዓርብ ዕለት ሲመለስ፣ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦
«ትብለጥ! ይህ ውሃሽ አንዲት ሞለኪውል እንኳ አይሞላም።
ከሞል ስትወርጂ ማባዛት ነበረብሽ። ዜሮ።»
አልተከራከርኩም።
እውነቱን ነው፣ ሦስት ሞል ይዤ ባዶ እጄን ወጣሁ፤
ግን ያን ዕለት ቦኖውም ያለኝ ይህንኑ ነው፣
እሱን ማን አረመው?

እትየ ዝማም በመስኮት አዩኝ፣ «እንዴት ሆነልሽ?» አሉ።
«አካፍዬ ጣለኝ፣» አልኳቸው።
«ማካፈል ደሞ ይጥላል?» ብለው ሳቁ፣ ሳቃቸው አላልቅ አለ፤
እኔም ለማስረዳት አፌን ከፍቼ፣ ተውኩት።

ይልቅ ነገ ሌሊት፣ ተራዬን የያዘው ጠጠር
ማባዛቱን ያጥናልኝ፤ እኔ ቤቴ ልደር።